የ1894 ዓ.ም. ውልና አንዲት የእንግሊዝኛ ግሥ

ቋንቋ የተማረ ሰው ሁሉ ተርጓሚ የሆነ ይመስለዋል። መዝገበ ቃላት በእጁ ካለ፥ ሰዋስውንም በጥቂቱ ካወቀ፥ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቃልን በቃል መተካት ብቻ ነው ብሎ ያምናል። ይህ እምነት በልብ ወለድ ታሪክ ላይ ሲሠራበት የሚያመጣው ጉዳት አንባቢን ማሰልቸት ወይም ማሳቅ ነው። በመንግሥታት ውል ላይ ሲሠራበት ግን ጉዳቱ ወንዝና ወሰን ያህላል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁትም በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ትርጕም ላይ፥ ይልቁንም ከመምህራንና ከጋዜጠኞች አንዳንዶቹ ሳይጠራጠሩ በሚደጋግሙት አንድ አተረጓጐም ላይ ሙግት ለመግጠም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1902) ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት እንደራሴ ሌተና ኮሎኔል ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ አንድ ውል ተፈራረሙ። ውሉ ከሁሉ አስቀድሞ የኢትዮጵያንና በዚያን ጊዜ እንግሊዝና ግብጽ በጋራ ይገዟት የነበረችውን የሱዳንን ወሰን የሚወስን ነው። ወሰኑ ከኡም ሐጀር ተነሥቶ በገላባት በኩል ወደ ዓባይ፥ ከዚያም ወደ ባሮ፥ ወደ ፒቦርና ወደ አኮቦ ወንዞች ይወርዳል። በገንዳ ውሃና በመተማ የሚኖር ሰው ይህን የመጀመሪያ አንቀጽ ከወረቀት ማንበብ አያስፈልገውም፤ በመተማ ዮሐንስና በገላባት መካከል ካለችው ጅረት ዳር የቆመ ሁሉ በዓይኑ ያነበዋል። ሦስተኛው አንቀጽ ግን በመሬት ላይ ምልክት የለውም። የተንጠለጠለው በአንዲት ግሥ ላይ ነው።

የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አሳቡ ይህ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መንግሥትና ከሱዳን መንግሥት ጋር ካልተስማሙ በቀር፥ በጥቁር ዓባይ፥ በጣና ሐይቅ ወይም በሶባት ላይ ውሃቸው ወደ ናይል መውረዱን «አሬስት» የሚያደርግ ሥራ ላለመሥራትና ለማንም ላለመፍቀድ ግዴታ ይገባሉ። እንግዲህ ይህ «አሬስት» የሚባለው ምንድን ነው?

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ነው። በዛሬው ፈረንሳይኛ ዘመዱ የሆነው «አሬቴ» ማቆም ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ ብዙ ልጆች ወልዷል። ፖሊስ ወንጀለኛን ሲይዝ «አሬስት» ይባላል። ፍርድ ቤት ባለዕዳ የሆነች መርከብን ከወደብ እንዳትወጣ ሲያግድ ቃሉ ይኸው ነው። ሐኪም የበሽታን መስፋፋት ሲገታ እንደዚሁ ይላሉ። የሰው ልብ መምታቱን ፈጽሞ ሲተው የሚጠሩትም በዚሁ ቃል ነው፤ ልቡ የዘገመውን ሰው ግን በዚህ ቃል አይጠሩትም። ከመያዝ እስከ ማገድ፥ ከማገድ እስከ ፈጽሞ ማቆም ድረስ ሰፊ ሜዳ መኖሩን አንባቢ ልብ ይበል። መዝገበ ቃላት የገለጠ ተማሪ በመጀመሪያው መሥመር የሚያገኘው «አሰረ፥ ያዘ» የሚለውን ነው፤ ስለዚህም ዐፄ ምኒልክ ውሃን ላለማሰር ቃል የገቡ ንጉሥ ይሆኑበታል። ከእርሱ የተሻለው ደግሞ «የሚያግድ» ይላል። ሌላው «የሚገታ» ይላል። ደፋሩ «የሚቀንስ» እስከ ማለት ይደርሳል። ከዚህም ተነሥቶ፥ ምኒልክ ከዓባይ አንዲት ጣሳ ውሃ እንኳ እንዳይቀዳ ለባዕድ ፈርመዋል ይባላል፤ የሚሰማውም ወጣት አንገቱን ይደፋል።

እኔን የሚያስገርመኝ የቃላት ምርጫው አይደለም። እነዚህ ሁሉ የሚደክሙት ለምንድን ነው? ውሉ እኮ በአማርኛም የተጻፈ ነው! ሁለቱ ወገኖች በእንግሊዝኛና በአማርኛ በአንድ ዓይነት ጽፈው፥ ሁለቱንም ጽሑፎች ሕጋዊ አድርገው፥ ማኅተማቸውን አኑረውባቸዋል። የራሱ አማርኛ ያለውን ውል ከእንግሊዝኛው እንደገና ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው፥ አባቱ በቃሉ የነገረውን ከጎረቤት እየጠየቀ የሚጽፍ ልጅን ይመስላል። ከዚህም የሚብሰው፥ ይህ ሁለተኛ አማርኛ በመጽሔትና በመማሪያ ወረቀት ላይ ሲወጣ እንደ ውሉ ቃል ሆኖ መጠቀሱ ነው።

በአማርኛው የውል ጽሑፍ የተከለከለው ወንዙን «ተዳር እዳር የሚደፍን» ሥራ ነው። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች መዝገበ ቃላት ይኑራቸው አይኑራቸው እንጃ፤ አማርኛ ግን ነበራቸው። ሰው ጕድጓድን ይደፍናል፤ የአይጥ ቀዳዳን ይደፍናል፤ መስማት ያልፈለገውን ነገር እንዳይሰማ ጆሮውን ይደፍናል። የተደፈነ ነገር ምንም አያሳልፍም። በዚህ ቆላ ያለ ገበሬ ድንጋይና አፈር ደልድሎ ውሃ ሲያጠራቅም ግን «ከተርኩ» ይላል እንጂ «ደፈንኩ» አይልም፤ ክትሩ ሲሞላ ውሃው ተርፎ ይሄዳልና። ውሃውን ከመንገዱ አውጥቶ ወደ እርሻው ሲወስደው ደግሞ «ጠለፍኩ» ይላል። «ገደበ» ማለት ልክና ወሰን መስጠት ነው፤ ስለዚህ በጀትም፥ ንግግርም ይገደባል። «ገታ» የሚለው ቃል የልጓም ቃል ነው፤ የተገታ በቅሎ ይሄዳል፥ እንደ ልቡ ግን አይጋልብም። «አቆመ» ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚሄደውን ማስቆምም፥ የተጋደመውን ማቆምም ነውና፥ አንድ ሰው «ግድብ አቆመ» ቢሉን ሠራው ይሁን ወይስ ሥራውን አስተጓጐለው መልሰን እንጠይቃለን። ከዚህ ሁሉ ቃል መካከል የ1894 ዓ.ም. ጸሐፊዎች የመረጡት ጥርጥር የሌለበትን፥ ጠባቡንና ጽኑውን ቃል ነው። በዚያም ላይ «ተዳር እዳር» ብለው ልክ አበጁለት።

በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ያለ ሌላ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልሻም። እንግሊዞች «ናይል» ብለው የሚጠሩትን ሁሉ እኛ «ዓባይ» እያልን እንተረጕማለን። ይህ በዘወትር ንግግር ጉዳት የለውም። በዚህ አንቀጽ ላይ ግን እንደዚያ የተረጐመ ሰው፥ ምኒልክ በዓባይ ላይ ውሃው ወደ ዓባይ እንዳይወርድ የሚያደርግ ሥራ ላለመሥራት ተስማሙ ብሎ ይጽፍና አንባቢውን ግራ ያጋባል። በአማርኛ ዓባይ ከጎጃም የሚመነጨው ነው። እንግሊዞች ሰማያዊ የሚሉትን ወንዝ እኛ ጥቁር እንደምንለው እንኳ ያላስተዋለ ተርጓሚ፥ ከሰማያዊው ጋር አንድ ሦስተኛ ወንዝ ሊፈጥርልን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ሙግት ልመለስ። «አማርኛው ለእናንተ ስለሚጠቅም ትይዙታላችሁ፤ የእንግሊዝኛው ቃል ግን ማዘግየትንና መቀነስንም ያጠቃልላል» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልሱ ያለው በራሳቸው በእንግሊዞች መዝገብ ውስጥ ነው። ከዚህ ውል 11 ዓመት ቀደም ብሎ፥ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. (1891)፥ እንግሊዝና ኢጣልያ በመካከላቸው አንድ ፕሮቶኮል ተፈራርመዋል። በዚያም ኢጣልያ በአትባራ ወንዝ ላይ ለመስኖ ብላ ወደ ናይል የሚወርደውን ውሃ «በሚታወቅ መጠን የሚለውጥ» ሥራ እንዳትሠራ ግዴታ ገብታለች። ከ1894ቱ ውል በኋላም በግንቦት 1898 ዓ.ም. (1906) እንግሊዝ ከኮንጎ መንግሥት ጋር በሴምሊኪና በኢሳንጎ ወንዞች ላይ ስትዋዋል የተከለከለው ወደ አልበርት ሐይቅ የሚገባውን «የውሃ መጠን የሚቀንስ» ሥራ ነው። በሚያዝያ 1921 ዓ.ም. (1929) ከግብጽ ጋር ስትስማማማ ደግሞ የውሃው መጠን መቀነስም፥ የሚደርስበት ጊዜ መለወጥም፥ ከፍታው ዝቅ ማለቱም እያንዳንዱ በየስሙ ተጽፏል። እንግዲህ እንግሊዞች «መለወጥ» ማለት ሲፈልጉ «መለወጥ» ብለዋል፤ «መቀነስ» ማለት ሲፈልጉ «መቀነስ» ብለዋል፤ ጊዜውንም ሲፈልጉ ጊዜውን ጽፈዋል። ከምኒልክ ጋር ሲዋዋሉ ብቻ ቋንቋቸው ጠፋቸውን? በ1883 ዓ.ም. የተጻፈው ቃል በእጃቸው እያለ በ1894 ዓ.ም. ሌላ ቃል ከተጻፈ፥ የተጻፈው ሌላ ነገር ስለ ሆነ ነው። ይህን ለማወቅ አራቱን ሰነዶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን መዘርጋት ይበቃል። ተርጓሚ ቃልን መፈለግ ያለበት በመዝገበ ቃላቱ ገጽ ብቻ ሳይሆን፥ ያ ቃል በተነገረበት ቤትና በተናጋሪው አፍ ነው።

የሕግም ነገር ቢሆን ከዚህ አይርቅም። በ1924 እ.ኤ.አ. በሄግ የነበረው የዓለም ቋሚ ፍርድ ቤት የማቭሮማቲስን ጉዳይ ሲያይ የገጠመው ችግር የእኛኑ ይመስላል። የፍልስጥኤም የሞግዚትነት ሰነድ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ተጽፎ ነበር፤ «ኮንትሮል» የምትለዋ ቃል በአንደኛው ቋንቋ ጠባብ፥ በሌላው ሰፊ ሆና ተገኘች። ፍርድ ቤቱም እኩል ሥልጣን ያላቸው ሁለት ጽሑፎች ሲገናኙና የአንዱ ፍች ከሌላው ሲሰፋ፥ ሁለቱን የሚያስማማው ጠባቡ ፍች እንዲያዝ አስተማረ። በ1969 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ስለ ውሎች ሕግ የሚናገረው የቪየና ስምምነትም በ33ኛው አንቀጹ እኩል ሥልጣን ያላቸው ጽሑፎች ሲለያዩ የሚያስታርቃቸው ፍች ይመረጥ ይላል። በእኛ ጉዳይ አማርኛው ጠባብ ነው፤ እንግሊዝኛው ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ሰፊው ግን ጠባቡን በውስጡ ይዟል። ጠባቡ ሰፊውን አልያዘም። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም መድፈን ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ዝም ብዬው ባልፍ ተሟጋች ሳይሆን አታሞ መቺ እሆናለሁ። «መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረውና ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከዳር እስከ ዳር የቆመ አይደለምን? እንግዲያውስ በገዛ አማርኛችሁ ተከሳችሁ» ይላሉ። ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ግድቡ በእርግጥ ከዳር እስከ ዳር ቆሟል። ነገር ግን አንቀጹ የሚከለክለው ከዳር እስከ ዳር የቆመውን ሁሉ ቢሆን ኖሮ ድልድይም በተከለከለ ነበር። «የሚደፍን» የምትለው ቃል የገባችው ይህን ከዚያ ለመለየት ነው፤ እርስዋን ከአንቀጹ ውስጥ አውጥቶ «ተዳር እዳር»ን ብቻ ይዞ የሚሟገት ሰው ግማሹን ዐረፍተ ነገር ሰርቋል። ውሃ በተርባይን አልፎ የሚሄድበት፥ ሲተርፍም ከላይ የሚፈስበት ሥራ ውሃውን ያቆያል፥ ይመጥናል፤ አይደፍነውም። ሐምሌ 2012 ዓ.ም. በተጀመረው ሙሌት ጊዜም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ሐይቅ በየክረምቱ ጥቂት በጥቂት ሲሞላ ወንዙ ወደ ሱዳን መውረዱን አላቋረጠም።

«ማቆየት» እና «ማቆም»! ክርክሩ ሁሉ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ በሌላ ቋንቋ ሲታይ ደግሞ ይበልጥ ይገለጣል። ሩሲያኛን እንውሰድ፤ ከወንድሞቻችንና ከእኅቶቻችን ብዙዎቹ በሶቪየት ኅብረት ተምረው ቋንቋውን ያውቁታልና ይፍረዱኝ። ይህን የእንግሊዝኛ አንቀጽ ወደ ሩሲያኛ የሚመልስ ሰው እንግሊዝኛውን እንዳለ «አሬስቶቫት» ሊለው አይችልም፤ እርሱ በሰውና በንብረት እንጂ በውሃ ላይ አይነገርም። ስለዚህ ከሁለት ቃላት አንዱን ይመርጣል። «አስታናቪት» ቢል ማቆም ነው። «ዛዴርዣት» ቢል ይዞ ማቆየት፥ ማዘግየት ነው፤ ፖሊስ ሰውን ለጊዜው ሲይዝም የሚባለው ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ከመረጠ ኢትዮጵያ ውሃ ለማቆር ነጻ ናት። ሁለተኛውን ከመረጠ ማንኛውም ግድብ ከነሐይቁ ተከለከለ፤ ሐይቅ ማለት የቆየ ውሃ ነውና። ሩሲያዊው ተርጓሚ ምናልባት ስለ ዓባይ አንዳች አሳብ የሌለው፥ ከመሸ በኋላ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሊሄድ የሚቸኵል ሰው ይሆናል። ሆኖም በዚያች ምሽት የሚጽፋት ግሥ ለአንድ አገር ትፈርዳለች፥ በሌላው ላይ ትፈርዳለች። እንግሊዝኛው ሳይመርጥ ዝም ብሎ የቆየበትን ነገር ሩሲያኛው እንዲመርጥ ያስገድደዋል። አማርኛ ግን በ1894 ዓ.ም. መርጦ ጨርሷል፤ እኛ የዛሬዎቹ ነን ምርጫውን አፍርሰን እንደ ሩሲያዊው ከመጀመሪያ የምንጀምረው።

የውጫሌን ነገር ለመምህራን መድገም አያሻኝም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ኢጣልያንኛው ግዴታ አድርጎ መጻፉን፥ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ መቋጨቱን ሕፃንም ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ እርሱም ብዙ ጊዜ የማይነገር ነው። በዚያው በውጫሌ ውል በ19ኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም አንድ ናቸው፥ ሁለቱም እኩል ይታመናሉ የሚል ቃል ተጽፏል። ከሁለት አንቀጽ በላይ የተለያዩትን ጽሑፎች ከሁለት አንቀጽ በታች «አንድ ናቸው» ማለት! ስለዚህ የ1894ቱም ውል «በአንድ ዓይነት ተጻፈ» ቢል ተርጓሚ ይህን አምኖ መተኛት የለበትም። ከእነዚህም ቀደም ብሎ በግንቦት 1876 ዓ.ም. ከአድሚራል ሂወት ጋር አድዋ ላይ በተደረገው ውል፥ ዕቃ ሁሉ፥ የጦር መሣሪያም ሳይቀር፥ በምጽዋ በኩል «በእንግሊዝ ጥበቃ» በነጻ እንዲያልፍ ተብሎ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በበኩላቸው በድርቡሾች የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ፤ የገላባቱ ጦርም የወጣው በዚያው እርዳታ ነው። «ጥበቃ» የተባለው ግን ዓመት ሳይሞላው ኢጣልያ ምጽዋን ስትይዝ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ የቃላቸውን ዋጋ የከፈሉት በዚሁ በመተማ፥ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው።

የወሰኑም ቃል ቢሆን ከዚህ አልተለየም። በ1894ቱ ውል በሁለተኛው አንቀጽ ወሰኑን በምድር ላይ ምልክት የሚያደርግበት «የጋራ» ኮሚሲዮን ነው ተብሏል። በ1903 እ.ኤ.አ. ምልክቱን ያቆመው ግን ሜጀር ጐዊን የሚባለው እንግሊዛዊ መኰንን ነው፤ የኢትዮጵያ ኮሚሲዮነር አብሮት አልነበረም። አንድ ሰው ብቻውን የሠራው «የጋራ» የሚባልበት ቋንቋ የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረኝ ቢገኝ ደስ ይለኛል። ያም ሆኖ በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሱዳን በተለዋወጡት ደብዳቤ ያንኑ መሥመር ለንግግራቸው መነሻ አደረጉት፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልሞተም።

በመጨረሻ ለዚህ ለቆላው አገር ተማሪዎች የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሰሊጥና ጥጥ የሚያመርቱ አባቶቻቸው የጓንግን ውሃ ለመስኖ ቢከትሩ የምኒልክ ውል ይከለክላቸው እንደ ሆነ የሚጠይቁ አሉ፤ «አዎን» ብለው የሚመልሱላቸውም አይጠፉም። ውሉ በዛሬ ዘመን ያስራል አያስርም የሚለውን ለሕግ ሰዎች እንተወው። ቃሉን ብቻ እንይ። ሦስተኛው አንቀጽ በስም የሚጠራው ጥቁር ዓባይን፥ ጣናንና ሶባትን ነው። ጓንግ በውስጡ የለም። ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ አትባራ የተጠራው ደግሞ በ1883 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣልያ በተዋዋሉበት ፕሮቶኮል ነው። ኢጣልያ በዚህ ምድር ውሃ ላይ ለመዋዋል የበቃችው ኢትዮጵያ በእኔ ሞግዚትነት ሥር ናት ብላ ነበር፤ እንደዚያ ያለችውም «ይቻላቸዋል» የሚለውን የውጫሌ ቃል በገዛ ቋንቋዋ «ይገባቸዋል» አድርጋ ስለ ጻፈች ነው። ያ ውል በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ተሽሯል።